ጎልማ ላይ የቀረው ሰው

ሥራነሽ ጎረቤቴ ከመሆኗ በፊት የማውቃት በባሏ በኩል ነበር። እንዳላማው በገበያ ቀን ጤፉን በአህያ ጭኖ ከጎልማ ወደ ይጁቤ ይመጣል፤ እህሉ ቶሎ ከተሸጠለት ሱቄ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያወጋኛል። ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚያየው ረጅም ሰው ነበር፤ ሱቄ ሲገባ ከበሩ ጉበን ጎንበስ ይላል። ቄስ ትምህርት ቤት ጥቂት ስለ ቆየ ቃል መሰንጠቅ ይወዳል። የሚስቱን ስም እንኳ አልማረውም። «ሙነወር፣ ሌላው ሰው ሥራ ነሽ ይላታል፤ እኔ ግን ሥር ነሽ ነው የምላት» ይለኝ ነበር። ሆዱን አሞት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተወስዶ ተመለሰ፣ ደግሞ ተወሰደ፣ በመጨረሻ ግን ቤቱ አርፎ ጎልማ ኪዳነ ምሕረት ተቀበረ። ቀብሩ ላይ ከይጁቤ እስላሞችም ብዙዎቻችን ነበርን።

ጎልማ ማለት ያን ጊዜ ደሴት አይደለም። ከይጁቤ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው አቅጣጫ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሸለቆ ነበር፤ በመካከሉ ጉብታ፣ ጉብታው ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያውን ደግሞ ከሩቅ ጥቁር ሆኖ የሚታይ ደን። አገሩ ሁሉ ታርሶ ገላጣ ሲሆን ጥድና ዝግባ የቀረው የቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ ብቻ ነው። ሥራነሽና እንዳላማው ከጉብታው ግርጌ፣ ወንዙ ዳር ይኖሩ ነበር። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እስከዳር ትባላለች።

እንዳላማው በሞተ በማግሥቱ ዓመት ወንዙ ለመስኖ ሊገደብ ነው ተባለ። ስብሰባ ተጠራ፤ ሰው አጉረመረመ፤ ከዚያ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ለመደው። የሸለቆው ሰው ከይጁቤ ዳር ቦታ ተመርቶለት የቆርቆሮ ቤት ሠራ፤ ሥራነሽም ከእኔ አጥር ማዶ መጣች። ታቦቱ በዕልልታና በለቅሶ ወጥቶ እዚሁ ከተማው ጥግ ወደ ተሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ዘመድ ያለው የሟቹን አፅም እያወጣ በሣጥን አድርጎ አፈለሰ። በየሳምንቱ ሣጥን የተሸከሙ ሰዎች በሱቄ ፊት ያልፉ ነበር፤ እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ እቆማለሁ።

ሥራነሽ የባሏን አፅም እንዲያወጣ አምበር ለሚኖረው ለእንዳላማው ታናሽ ወንድም ለአማረ ላከችበት። አፅም ማውጣት የወንድ ዘመድ ነገር ነው፤ ሚስት ዶማ ይዛ አትሄድም። አማረም «እህሉን አስገብቼ እመጣለሁ» አለ። እህሉን አስገባ፤ ከዚያ ሚስቱ ወለደች፤ ከዚያ በሬው ታመመ። በመጨረሻ ሁለት ሰው አስከትሎ ሲመጣ ክረምቱ ቀድሞ ነበር። አብሬያቸው ሄጃለሁ። ሸለቆው አፍ ላይ ስንደርስ ውሃው ቡናማ ሆኖ ተኝቷል፤ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ጉብታው ብቻ ደኑን እንደ ለበሰ መካከል ላይ ቀርቷል።

አማረ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ብዙ ቆመ። «እንግዲህ ደረቅ ላይ ነው ያለው» አለ ወደ ሥራነሽ ሳያይ። «ውሃው አልነካውም። ካልነካው ምን ቸገረው?»

ሥራነሽ ምሳ አብልታ ሸኘችው።

*

ውሃው በተኛ በሁለተኛው ዓመት ግድም ከቱሪዝም ቢሮ ሰዎች መጥተው ጎልማን አይተው ተደነቁ። ደሴት፣ ደን፣ ወፍ፣ የድሮ ቤተ ክርስቲያን። እንግዳ የሚሄድበት የእግር መንገድ ይሠራበት ተባለና ተሠራ፤ በወረቀት ላይ ረጅም ስም ነበረው፤ እኛ ግን «ዙሪያው» ነበር የምንለው። እኔም ሱቁን ለወንድሜ ትቼ ከባሕር ዳር ባለ ሞተር ጀልባ አመጣሁ። በጀልባ ካልሆነ በቀር ጎልማ መግቢያ የለውምና፣ እንግዳ ከመጣ በእኔ ነው የሚሻገረው። ሰው ሳቀብኝ። የይጁቤ ነጋዴ ባሕር ላይ ምን ይሠራል አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፤ ዋና እንኳ አልችልም ነበር።

እስከዳር ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ደን አያያዝ ተምራ ጨርሳ ሥራ አጥታ ተቀምጣ ነበር። የዙሪያው አስጎብኚ አድርገው ቀጠሯት። እናቷን ደግሞ መንገዱን እንድትጠርግ ቀጠሩ። እናትና ልጅ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር ይሻገራሉ፤ ማታ እመልሳቸዋለሁ። ሥራነሽ መጀመሪያ ላይ ጀልባው ሲወዛወዝ ዓይኗን ጨፍና የኪዳነ ምሕረትን ስም ትጠራ ነበር፤ በኋላ ግን እጇን ውሃው ላይ ጣል አድርጋ መሄድ ለመደች። አንድ ቀን መካከል ላይ ስንደርስ «አሁን ከቤቴ ጣራ በላይ ነን» አለችኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንም አይታይም።

ዙሪያው ጥሩ መንገድ ነበር። ከጀልባው ወርደህ የድንጋይ ደረጃ ትወጣለህ፤ ከዚያ ትልልቅ ዋንዛዎች ጥላ ሥር ትገባለህ። ቀጥሎ ቆርቆሮው የተነሣበት የቤተ ክርስቲያኑ ክብ ግድግዳ አለ፤ ሴቶች እዚያ ሲደርሱ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ከግድግዳው ጀርባ ጥዱ ይጀምራል፤ እዚያ ውስጥ ቀትር ላይ እንኳ ይበርዳል። ጥዱን አልፈህ ከፍ ካልክ የእንጨት አግዳሚ አለ፤ ሰማዩ ከጠራ ጮቄ ድረስ ይታያል። ከዚያ መንገዱ በደቡብ በኩል ቁልቁል ይወርድና በመቃብሩ መካከል አልፎ በውሃው ዳር ወደ ጀልባው ይመለሳል። በየዛፉ ላይ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሥራነሽ ፊደል ባትቆጥርም ሰሌዳዎቹን በቅጠል ትወለውላቸው ነበር።

የባሏ መቃብር ከመንገዱ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ከአንዲት ወይራ ሥር ነው። በየቀኑ ጠርጋ ጠርጋ እዚያ ስትደርስ መጥረጊያዋን ታስቀምጥና ትቀመጣለች። የማውቀው ከጀልባው ሆኜ ስለማያት ነው። አንዳንዴ አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ወሬ አላውቅም።

የመጀመሪያው በጋ እንግዳ በረከተ። ከደብረ ማርቆስ ተማሪዎች በአውቶቡስ መጡ፤ ሙሽሮች ለፎቶ መጡ፤ ከአዲስ አበባም የመጡ ነበሩ። ጦጣዎቹ ውሃው ሲከባቸው ደሴቱ ላይ የቀሩ ናቸው። እንግዳ ዳቦና ሙዝ ሲወረውርላቸው ለመዱና የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ወደ ማረፊያው መሮጥ ጀመሩ።

አንድ ቀን እስከዳር ብዙ ሰዎች ይዛ በመቃብሩ ስታልፍ አንዲት ሴት ወደ ወይራዋ እየጠቆመች «ይህ ተለይቶ የተጠረገው የማን ነው?» አለቻት።

«የአገሩ ሰው ነው» አለች እስከዳር፤ አልፋም ስለ ወይራ ዕድሜ መናገር ቀጠለች። ሥራነሽ መጥረጊያዋን ይዛ ከዳር ቆማ ነበር። ማታ ስንሻገር እናትየዋ፣

«አባቴ ነው ማለት አፈርሽ?» አለች።

«ማፈር አይደለም እማዬ።»

«እና?»

«አባቴ ነው ካልኳቸው ፎቶ ያነሡታል። እኔንም አጠገቡ አቁመው ያነሡኛል።»

ሥራነሽ አሰበችና «እሱስ ልክ ነሽ» አለች። ልጅቷ ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች። የዚያ ዓመት ነገር ሲነሣ የማስታውሰው ያንን ምሽት ነው፤ ሌላ ብዙ ደህና ነገር ነበር፤ እሱ ግን ጠፍቶብኛል።

*

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ቀስ እያለ ነው የመጣው፤ አንዱን ሳትጨርሰው ሌላው ይጨመራል።

መጀመሪያ ውሃው ነው። በየክረምቱ ካለፈው ክረምት ከፍ ይላል። በውሃው ዳር የሚያልፈው የዙሪያው ክፍል አንድ ክረምት ተውጦ በበጋ ወጣ፤ ድንጋዩ ተናግቶ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ተውጦ አልወጣም። ከዚያ የጥዱ ጫፍ እንደ ዛገ ብረት ቀላ። በሽታ መስሎን ነበር፤ እስከዳር ግን ውሃው ከመሬቱ በታች ሰርጎ ሥሩን ስላፈነው ነው አለች። «ምን ይደረግለታል?» ብላት «ምንም» አለችኝ። ለቢሮው አመለከተች፤ እናያለን አሏት።

ቀጥሎ አገሩ ታመሰ። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም፤ የጎጃም ሰው ሁሉ የየራሱን ያውቀዋል። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ከደብረ ማርቆስ ይጁቤ መምጣት ጭንቅ በሆነበት ጊዜ ዛፍ ለማየት ብሎ የሚመጣ ሰው የለም። ተማሪዎቹ ቀሩ፤ ሙሽሮቹ ቀሩ። የቢሮው ሰው ደመወዝ ይዞ መምጣቱን ተወ፤ በኋላም ቢሮው ራሱ ተቆልፎ በሩ ላይ ሣር በቀለ። ቤንዚን ጠፋ፤ ሞተሩን ነቅዬ ጓዳ አስገባሁና መቅዘፊያ አስጠረብሁ።

እስከዳር ያለ ደመወዝ ጥቂት ወራት ቆየች። ከዚያ አንድ ቀን ሻንጣዋን አዘጋጅታ አዲስ አበባ ልትሄድ እንደ ሆነ ነገረችን፤ አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ሆቴል አንሶላ አጠባ አስገኝታላት ነበር። ከመሄዷ በፊት ከእናቷ ጋር ዙሪያውን ዞረች። እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ። ሲመለሱ ሁለቱም አላለቀሱም ነበር።

«ጋሼ ሙነወር፣ እማዬን አደራ» አለችኝ።

«አደራሽን በልቼ የት እደርሳለሁ፤ አጥር ለአጥር ነን» አልኳት።

«ስልክ በየሳምንቱ እደውላለሁ።»

ጥቂት ሳምንት ደወለች። ከዚያ ኔትዎርኩ ተቋረጠ፤ ለረጅም ጊዜም ሳይመጣ ቀረ። ሥራነሽ ስልኩን ቻርጅ እያደረገች በመሶብ ክዳን ላይ ታስቀምጠው ነበር። አልፎ አልፎ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው «ደህና ናት አሉ» ይላታል። አየኋት ያለ ግን አልነበረም።

ያም ሆኖ መጥረጓን አልተወችም። እኔ መረብ መጣል ጀምሬ ስለ ነበር ወደ ውሃው የምወርድበት ምክንያት ነበረኝ፤ እሷም መጥረጊያዋን ይዛ ትከተለኛለች። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣

«ሥራነሽ፣ ማን ሊሄድበት ነው የምትጠርጊው?» አልኳት።

«ማንም።»

«እና?»

«ካልጠረግሁ ያለ ምክንያት መምጣቴ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋትም። ጦጣዎቹ ሞተሩ ባይኖርም መቅዘፊያው ውሃ ሲመታ ሰምተው ይመጡ ነበር። መጀመሪያ ከምግባችን እንሰጣቸው ነበር፤ በኋላ እኛም ብዙ የምንይዘው አልነበረንም። ደረጃው ላይ ተደርድረው እጃችንን ያያሉ። ከዋንዛው ላይ የሚደርሱበትን ሁሉ ልጠውታል። መዋኘት አይችሉ፣ የሚሄዱበት የለ። በመጣን ቁጥር እያነሱ ሄዱ።

*

አንድ የበጋ ጠዋት ሥራነሽ ከመቃብሩ በኩል በፍጥነት ስትመጣ አየሁና የሆነ ነገር መኖሩን አወቅሁ። ከወይራዋ በላይ መሬቱ ተሰንጥቋል አለችኝ። ሄጄ አየሁት። ክንዴን ብሰድ የሚውጥ ስንጥቅ ነው፤ ከመንገዱ ጎን ለጎን ረጅም ሆኖ ይሄዳል። ውሃው ከታች ዳርቻውን እየበላው ነበር።

«ከክረምት በፊት ካልወጣ አይገኝም» አለች።

አማረን ልትጠይቅ አምበር ሄደች። መኪና ስላልነበረ በእግሯ ነው የሄደችው። ስትመለስ ነጠላዋ አቧራ ለብሷል፤ ደጄ ላይ ተቀመጠችና ውሃ ጠጣች። አማረን አልጋ ላይ አግኝታዋለች። ልጁ ወጥቶ ከጠፋ ከረመ፤ የት እንዳለ አይታወቅም።

«ምን አለሽ?»

«ምን ይላል? ‹እንኳን የወንድሜን አፅም ላወጣ ለራሴም ቀባሪ የለኝ› አለኝ። አለቀሰ። እኔም ሳጽናናው ዋልኩ።»

መምሬ አምደሚካኤልን ጠየቀች፤ የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ናቸው፤ እንዳላማውንም የቀበሩት እሳቸው ነበሩ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው በከዘራ ነው የሚሄዱት። እሳቸውም «ወንድ ዘመድ ከሌለ ሚስት ምን ታድርግ? አውጥታችሁ አምጡት፤ ፍትሐቱን እኔ አደርሳለሁ» አሏት። እኔንም ጠርተው «ሙነወር፣ አንተ ትረዳታለህ?» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ሥራነሽ ከባሕር ዛፍ ሣጥን አሠራች፤ የራሷን አዲስ ነጠላም ለመገነዣ አጣጥፋ ውስጡ አኖረች።

በሚያዝያ እንሄዳለን ስንል ዝናብ ያዘን። ያለ ወቅቱ መጣና አልቆም አለ፤ ውሃው ላይ ማዕበል ነበርና መቅዘፍ አልቻልኩም። ሥራነሽ ሌሊትና ቀን ጣራው ላይ የሚወርደውን ስትሰማ ከረመች። ባበራ በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ ደጄን መታች።

ተሻገርን። ደረጃው ላይ የጠበቀን ጦጣ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሲታ ሴት ጦጣ፤ ስንቀርባት እንኳ አልሸሸችም። ሣጥኑን ተሸክሜ፣ ሥራነሽ ዶማና አካፋ ይዛ በላይኛው መንገድ ገባን፤ የታችኛው ውሃ ውስጥ ስለ ሆነ ከዚያ ሌላ መሄጃ የለም። ዋንዛዎቹ ቆመዋል፤ ግማሹ ግን ቅርፊቱ ተልጦ ነጭ ሆኗል። ሰሌዳዎቹ ወድቀው እየረገጥናቸው አለፍን። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በምሥራቅ በኩል ተንዷል። ሥራነሽ እዚያ ስትደርስ ዶማውን አስቀምጣ ሰገደች፤ ከዚያ አንሥታ ሄደች።

ጥዱ ውስጥ ስንገባ ቀና ብዬ አየሁ። እንደ በፊቱ ጨለማ አልነበረም። ቅጠል ስለሌለ ፀሐይ እስከ መሬት ይወርዳል። ግንዱ ሁሉ ግራጫ ሆኖ ቆሟል፤ ወፍ የለም። እግራችን ሥር የደረቀው ቅጠል ይንኮሻኮሻል። እዚያ ውስጥ ስንሄድ ሥራነሽ ወደ ኋላዋ ዞራ፣

«ይከብድሃል? ልቀበልህ?» አለችኝ።

«ባዶ ሣጥን ምን ይከብዳል» አልኳት። ወዲያው መናገሬ ቆጨኝ።

አግዳሚው ጋ አላረፍንም። በደቡብ በኩል ቁልቁል ወረድን፤ መንገዱ ትንሽ ይሄድና ድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ አየርና ውሃ ነው። ዳገቱ እንዳለ ተንዶ ገብቷል። መቃብሮቹ የነበሩበት ቦታ ቀይ አፈር ሆኖ ተቆርጦ ይታያል፤ ወይራዋ ሥሯ ወደ ላይ ሆኖ ውሃው ውስጥ ወድቃለች።

ሥራነሽ ጫፉ ላይ ቆመች። እንዳትወድቅ ብዬ ነጠላዋን ያዝኳት።

«እዚህ ነበር» አለች። እጇን ዘርግታ ባዶውን አሳየችኝ። «ወይራዋ እዚያ፣ እሱ ከሥሯ።»

ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ውሃው ከታች ጭቃውን ይመታል፤ ጭቃው ትንሽ ትንሽ እየተቆረሰ ይወድቃል። ለቅሶ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሰችም። ፀሐዩ እስኪሞቅ ድረስ እንዲሁ ተቀመጥን።

ከዚያ ታች ጭቃው ላይ ነጭ ነገር አየች። እኔ ድንጋይ መስሎኝ ነበር። በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች ወረደች፤ እኔም ሣጥኑን ይዤ ተከተልኳት። የሰው አፅም ነው። ከተናደው አፈር ጋር ወርዶ ግማሹ ተቀብሯል፤ ግማሹ ወጥቷል።

«እኔ ብነካው ነውር አለው?» አልኳት።

«የሰው ነው፤ ያዝ» አለችኝ።

በእጃችን ጭቃውን እየፋቅን ያገኘነውን ለቀምን። አዲሱን ነጠላ ዘርግታ አንድ በአንድ ውሃ እያስነካች ታኖራለች። ተስፋ ያዘኝ፤ ተስፋዬንም አፌ ላይ አመጣሁት።

«ከወይራዋ በታች ነው የተገኘው። እሱ ሊሆን ይችላል።»

ሥራነሽ የጭኑን አጥንት አንሥታ በቁሟ ከጭኗ ጋር ለካችው። ከእሷም ያንሳል። ብዙ ጊዜ ይዛው ቆየች።

«እንዳላማው አይደለም» አለች። «ይህ አጭር ሰው ነው። ሴትም ትሆናለች።»

«እንግዲያው ምን እናድርገው?»

«እዚህ ትተነው እንሂድ?» አለችኝ። ጥያቄ ነበር፤ እውነቷን ነው የጠየቀችኝ። ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። ነጠላውን አጥፋ ጠቀለለችውና ሣጥኑ ውስጥ አስገባችው።

በዙሪያው ተመለስን። አሁን ሣጥኑን ተራ በተራ ያዝነው። ጥዱን አልፈን፣ ግድግዳውን አልፈን ደረጃው ጋ ስንደርስ ጦጣዋ አሁንም እዚያው ተቀምጣለች። ሥራነሽ ኪሷ ውስጥ ለምሳ የያዘችውን ቆሎ ሁሉ ደረጃው ላይ አፈሰሰችላት።

*

መምሬ አምደሚካኤል ከአዲሱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠበቁን። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፤ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። መጽሐፋቸውን ገልጠው የሟቹን ስም ለመጥራት ወደ ሥራነሽ ዞሩ።

«ስመ ክርስትናው ገብረ ኪዳን ነበር አይደል?»

«ገብረ ኪዳን የእንዳላማው ነው፤ ይህ እሱ አይደለም አባቴ።»

ቄሱ ከመጽሐፉ ቀና አሉ። የሆነውን በአጭሩ ነገረቻቸው። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ማን እንደ ሆነ ያልታወቀ አፅም ከዘመዶቻችን ጋር እንዴት ይቀበራል ብሎ አጉረመረመ። ቄሱ ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙና «የጎልማ ሰው ነው። ጎልማ ላይ የቀበርነው ሁሉ ወገናችን ነው፤ ስሙን እኛ ብንረሳው ፈጣሪ አይረሳውም» አሉ። ፍትሐቱን አደረሱ። ስም የሚጠራበት ቦታ ሲደርሱ ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር አሉ፤ አልሰማሁም። እኔ ከአጥሩ ውጭ ነበርኩ።

ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ኔትዎርክ መጣ። ከተማው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ መንገድ ላይ ቆመ። የእስከዳር ስልክ የገባው ወንድሜን ተክቼ ሱቁ በዋልኩበት ቀን፣ ሥራነሽ ጨው ስትገዛ ነው። ድምፁን ከፍ ማድረጊያውን ነካችውና ሁላችንም ሰማን።

«እማዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ ልጄ። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ። ስንት ጊዜ ሞከርኩ መሰለሽ።» ልጅቷ አለቀሰች፤ ከዚያ ተረጋጋች። «እማዬ፣ ጎልማ ተናደ የሚሉት እውነት ነው? ከይጁቤ የመጣ ሰው ነገረኝ። አባዬንስ?»

ሥራነሽ ወደ እኔ አየች። እኔ ሚዛኑን አየሁ።

«አወጣነው» አለች። «ከክረምት በፊት አወጣነው። ከሙነወር ጋር። መምሬ አምደሚካኤል ፈትተው እዚህ ተቀብሯል።»

በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «ተመስገን። እማዬ፣ ተመስገን። እሱ ብቻ ነበር የያዘኝ።»

«ከምን የያዘሽ?»

«ልሄድ ነው እማዬ። ዓረብ አገር። ፓስፖርቱ ወጥቷል። አባዬን ውሃ ላይ ጥዬ አልሄድም ብዬ ስዘገይ ነበር። አሁን ግን…»

ሥራነሽ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። እውነቱን የምትናገር መሰለኝ፤ ብትናገር ልጅቷ ትቀር ይሆናል። ቀርታ ግን ምን ልታደርግ? አንሶላ ልታጥብ? እዚህ መጥታስ?

«ሂጂ» አለች ሥራነሽ። «አባትሽ ደረቅ መሬት ላይ ነው።»

ጨዉን ሳትወስድ ወጣች። እኔ አጥሩ ላይ አቀበልኳት።

እስከዳር ሄደች። ክረምቱ ገባና የጎልማን ደረጃ ዋጠው፤ ጀልባ የሚጠጋበት ቦታ ጠፋ። እኔም ጀልባውን ውሃ ዳር ገልብጬ ተውኩት። ውሃው የተኛለትን የመስኖ ቦይ እስከ ዛሬ የቆፈረው የለም። ሥራነሽ የሰው ሽንኩርት ስትኮተኩት ትውላለች፤ ማታ ከእኛ ጋር ትቀመጣለች። ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ያቺን ስም የለሽ መቃብር አልፋ ነው የምትገባው። አትቆምባትም፤ አትዘላትም፤ ሣሩ ሲያድግ ትነቅልላታለች።

ሰዎች ያን አፅም የባሏ አድርገው ያወሩላታል፤ ወሬው እንዴት እንደ ተለወጠ አላውቅም፤ ምናልባት ሱቄ ውስጥ ስልኩን የሰሙ ናቸው። «እንኳን አወጣሽው» ይሏታል። እሷም «አዎ» ትላለች። ልጅቷ ከሄደች ወዲህ አንድ ጊዜ ደውላ ነበር፤ የቤቱ ሰዎች ስልክ ይከለክላሉ አለች። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። አሁን ኔትዎርኩ አለ።